የማይጠላ ሰው ርቀት

በተወለድሁበት የደጋ መንደር በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ገበያው ከመድመቁ አስቀድሞ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ምጣድና ጀበና ተሸክማ በደጃችን ታልፍ ነበር። ዳገቱ አድካሚ ስለ ነበረ ከግቢያችን አጥር አጠገብ ሸክሟን አውርዳ ታርፋለች። እናቴ ርኅሩኅ ሴት ነበረች፤ የተጠማ ሰው አይታ ማለፍ አትችልም። ስለዚህ ለዚያች ሴት ውሃ፣ በበዓል ቀን ሲሆንም ጠላ ትልክላት ነበር። መልእክተኛው እኔ ነበርሁ። ነገር ግን ውሃው የሚቀዳው በቤት ውስጥ ባለው ዋንጫ አልነበረም። ከጎተራው ክፈፍ ሥር የተሰካች፣ አፏ የተሸረፈ፣ ፀሐይ ያነጣት አንዲት ቅል ነበረች። ያች ቅል ለእርሷ ብቻ ነበረች። ሴትዮዋ ጠጥታ ስትጨርስ ቅሏን በእጄ አትሰጠኝም፤ በሣሩ ላይ ታስቀምጣታለች፤ እኔም በሁለት ጣቶቼ አንሥቼ ወደ ክፈፉ እመልሳታለሁ። ይህን እንዳደርግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም።

ሴትዮዋ ከእናቴ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። እኛ ልጆች ግን «አንቺ» እንላት ነበር፤ እርሷም የሰባት ዓመቱን ልጅ «ጌታዬ» ትለኝ ነበር። አሁን የጻፍሁትን መለስ ብዬ ሳነበው፣ እኔው ራሴ «ታልፍ ነበር፣ ታርፋለች» እያልሁ እንደ ጻፍሁ አየሁ። ስለ ሌላ አሮጊት ብጽፍ ኖሮ እጄ ወደዚህ አይሄድም ነበር። እንግዲህ ከዚህ በኋላ «እሳቸው» እላቸዋለሁ፤ ቢዘገይም።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ዘመን ሳሰላስለው የኖርሁት ነገር ይህ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪዋን አትጠላቸውም ነበር። የስድብ ቃል በእሳቸው ላይ ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። ክረምት ሲበረታ እህል ትሰድላቸው ነበር፤ አንድ ሳምንት ሳያልፉ የቀሩ እንደ ሆነ «ምን አገኛቸው?» ብላ ታስጠይቅ ነበር። ታዲያ የማይጠላ ሰው ይበድላልን? ጥላቻ በሌለበት ኀጢአቱ ከወዴት ይገኛል?

ደግሞም ይህን አስቡ። እንጀራችን የሚጋገረው እሳቸው በሠሩት ምጣድ ነበር። ወጡ የሚበስለው በእሳቸው ድስት፣ ቡናው የሚፈላው በእሳቸው ጀበና፣ ውሃው የሚቀዳው በእሳቸው እንስራ ነበር። ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ በእጃቸው አቡክተው፣ በጣታቸው አለስልሰው የሠሩት ዕቃ ነው። በቤታችን ውስጥ የእሳቸው እጅ ያላለፈበት ምግብ አልነበረም ማለት ይቻላል። እጃቸው እስከ ጉሮሯችን ድረስ ቅርብ ነበረ፤ ከንፈራቸው ግን ዋንጫችንን እንዳይነካ ሩቅ ነበረ።

የሰውን ማኅበራዊ ኑሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ «ማኅበራዊ ርቀት» ይሉታል። ይህ ቃል በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ በየሬድዮው ሲነገር የሰማነው ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ትርጉሙ ሰውና ሰው በእርምጃ ተራርቆ እንዲቆም ነበር። ያ ርቀት ግን ሀብታሙንም ድኻውንም እኩል የሚመለከት፣ ማብቂያም ያለው ርቀት ነበር። እኔ የምናገርለት ግን በክንድ የማይለካው ነው። በአንድ አጥር የሚለያዩ ሁለት ቤቶች በዚህኛው ልክ ከባሕር ማዶ ይልቅ ሊራራቁ ይችላሉ።

በዚህ ነገር አስቀድመው ካሰቡት አንዱ ጌዎርግ ዚመል የተባለው የበርሊን ፈላስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ እንግዳ ሰው አንድ አጭር ድርሰት ጽፎ ነበር። የዚመል እንግዳ መንገደኛ አይደለም፤ መንገደኛ ያልፋል። የእርሱ እንግዳ መጥቶ የተቀመጠ፣ ከእኛ ጋር የሚነግድ፣ ቋንቋችንን የሚናገር፣ ሆኖም ከእኛ እንደ አንዱ ያልተቈጠረ ሰው ነው። ዚመል እንደሚለው እንዲህ ያለ ሰው ቅርብም ሩቅም ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው። ዚመል ይህን የጻፈው ከመጻሕፍት ተምሮ ብቻ አልነበረም። ወላጆቹ ከአይሁድ ወገን ሲሆኑ እርሱ ራሱ በሕፃንነቱ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል። ዝናው በአውሮፓ ሁሉ የታወቀ መምህር ሲሆን የሙሉ ፕሮፌሰርነት ወንበር ግን እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይሰጠው ቀረ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 56 ዓመት ሆኖ ነበር። ከተከለከለበትም ምክንያት አንዱ የትውልድ ወገኑ ነበር። ጥምቀቱን የካደ ማንም አልነበረም፤ ወንበሩ ግን አልቀረበለትም።

ከእርሱ ዘንድ የተማረው አሜሪካዊው ሮበርት ፓርክ ሐሳቡን ወደ ቺካጎ ወሰደው። በዚያም ምክር ነበር በሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ኤሞሪ ቦጋርደስ ርቀትን የሚለካበት መሰላል እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው። መሰላሉ ሰባት እርከን ነበረው። ሰውን ስለ አንድ ሕዝብ እንዲህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከዚህ ወገን ሰው ጋር በጋብቻ ትዛመዳለህን? በማኅበርህ ውስጥ ወዳጅ ታደርገዋለህን? በመንገድህ ጎረቤት ሆኖ ቢኖር ትፈቅዳለህን? በሥራህ ባልደረባ ቢሆንስ? የአገርህ ዜጋ ቢሆንስ? ወይስ እንግዳ ሆኖ ጎብኝቶ ብቻ ይመለስ? ወይስ ፈጽሞ አገርህን አይርገጥ? የጥያቄው ብልኀት ስለ ጥላቻ አለመጠየቁ ነው። «ትጠላዋለህን?» የተባለ ሰው ሁሉ «አልጠላም» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው። ቦጋርደስ የጠየቀው «እስከ የት ድረስ ይግባ?» ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1926 በ1725 አሜሪካውያን ላይ ይህን መጠይቅ ካደረገ በኋላ በ1946፣ በ1956 እና በ1966 መልሶ አካሄደው። የርቀቱ ጠቅላላ አማካይ በመጀመሪያው ጊዜ 2.14 ነበረ፤ በመጨረሻው 1.92 ሆነ። እንግዲህ በዚያ አርባ ዓመት መካከል ታላቁ የዓለም ጦርነት አልፏል፣ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት እንዲቀር ተፈርዷል፣ ብዙ ሕግ ተለውጧል፤ ልብ ግን ከአንዲቱ እርከን ሩቡን እንኳ አልተራመደም። የጃፓን ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ታች ወረዱ፤ ቈይቶም እንደ ገና ወጡ። ይህም ርቀት ከወሬና ከፖለቲካ ነፋስ ጋር እንደሚወዛወዝ ያሳያል።

ከዚህ ይልቅ ያስደነቀኝ ዩጂን ሃርትሊ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ነው። እርሱ በሕዝቦቹ ዝርዝር ውስጥ በዓለም ላይ የሌሉ፣ ራሱ የፈጠራቸውን ሦስት ስሞች ጨመረ፤ «ዳኒሪያን»፣ «ፒሬኒያን»፣ «ዋሎኒያን» አላቸው። ተማሪዎቹ እነዚህንም ከደጃቸው አራቋቸው! ሌላውን ሁሉ የሚያርቅ ሰው ያልተፈጠረውንም አብሮ አራቀ። ስለዚህ «እነርሱ ራሳቸው እንዲህና እንዲያ ስለ ሆኑ ነው የራቅናቸው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ያልተወለደ ሰው ምን አደረገ?

ሌላም ምስክር አለ። ሪቻርድ ላፒየር የተባለው መምህር ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ቻይናዊ ወጣትና ከሚስቱ ጋር በአሜሪካ በመኪና ብዙ ተዘዋወረ። 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ዘንድ ገቡ፤ የከለከላቸው አንድ ብቻ ነበር። ከዚያም ለእነዚያው ቤቶች ደብዳቤ ልኮ «ቻይናዊ እንግዳ ትቀበላላችሁን?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ መልስ ከሰጡት ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት «አንቀበልም» አሉት። በወረቀት የከለከሉትን በእጃቸው አብልተውታል።

የእኛ ነገር የዚህ ግልባጭ ይመስለኛል። እኛ በአፍ የምንከለክለው ሰው የለም። በመንደሬ ያለውን ማንኛውንም ሽማግሌ ብትጠይቁ «ሁላችን የአዳም ልጆች ነን» ይላችኋል፤ ከልቡም ነው። እጁ ግን ወደ ክፈፉ ሄዳ ያችን ቅል ታወርዳለች።

የቦጋርደስ መሰላልም በአገራችን ሲቆም እርከኑ ይፋለሳል። እርሱ ጋብቻን ከላይ፣ ሥራን ከመካከል፣ ዜግነትን ከታች አስቀመጠ፤ ከፍ ያለውን የፈቀደ ሰው ዝቅ ያለውን አብሮ እንደሚፈቅድ ቈጠረ። በእኛ ዘንድ ግን በሥራ ከሁሉ ቅርብ የሆነው ሰው በማዕድ ከሁሉ ሩቅ ሆኖ ይገኛል። ቀጥቃጩ ማረሻውን ባይስል ገበሬው አያርስም፤ ማጭዱን ባይመታ አያጭድም፤ ባላገሩ በአንገቱ ያሰረውን መስቀል የሠራውም እርሱ ነው። ነገር ግን ትናንት በአውሮፕላን የመጣ ባዕድ ከማዕዱ ራስ ሲቀመጥ፣ አባቱና አያቱ በዚያው መንደር የተቀበሩት ቀጥቃጭ በደጅ ቆሞ ይበላል። የእኛ መሰላል ሌላ ነው። ሰላምታው በሩቅ ነው ወይስ በጉንጭ? የዕቃው ዋጋ በእጅ ይሰጣል ወይስ መሬት ላይ ይቀመጣል? ውሃው በምን ይቀዳል? ሰውዬው ከደፉ ወዲያ ይቆማል ወይስ ይገባል? ከገባስ ከመደቡ ላይ ይቀመጣል ወይስ ከበሩ ሥር? ከአንድ መሶብ ይጐርሳልን? ዕድር ይገባልን? የት ይቀበራል? የመጨረሻው ልጃችሁን ትድሩለታላችሁን የሚለው ነው፤ ስለ እርሱ ግን ጥያቄው እንኳ ተነሥቶ አያውቅም፤ ሰው ከብዙ እርከን በታች ቀርቷልና።

ይህም በአንድ መንደር ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩትን ነገደ ወይጦን አስቡ። የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁ ናቸው፤ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት እንደ ጎረቤቶቻቸው አማርኛ ነው። እስልምናን የሚከተሉ ሲሆኑ፣ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም እስላሙም ከማዕድ አርቋቸው ኖረዋል። ቋንቋ አንድ ሲሆን ልብ አንድ ይሆናል የሚለው ተስፋ እዚህ አልሠመረም። በጉራጌ አገር ፉጋ የሚባሉት እንጨት ይጠርባሉ፣ ቤት ያቆማሉ፤ መሬት ማረስ ግን ለረጅም ዘመን ተከልክሎባቸው ነበር። በከፋ ደግሞ ማንጆ የሚባሉት የዱር አራዊት ይበላሉ ተብለው ከቤት ደጃፍ ሳያልፉ ኖረዋል። ይህን ሁሉ ስም ስጽፍ ደስ አላለኝም፤ ከስሞቹ አንዳንዶቹ በአፋችን ውስጥ ስድብ ሆነዋልና።

«ጥላቻ አይደለም፣ ፍርሃት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ በደጋው አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተብሎ ተፈርቷል፤ ዐይኑ ሰውን ይበላል ተብሏል። የሚፈራን ሰው ማቃለል አይገባም፤ ልጇ የታመመባት እናት የምትፈራው ከልቧ ነው። ነገር ግን ይህን ፍርሃት ቀረብ ብዬ ስመረምረው አንድ እንግዳ ጠባይ አገኘሁበት። ምጣዱን አልፈራም። ማረሻውን አልፈራም። ጀበናውን በርካሽ ለመግዛት በሚከራከርበት ጊዜ ከሠሪው ፊት ለፊት ቆሞ ዐይን ለዐይን ይተያያል፤ ያን ጊዜም አይፈራም። የሚፈራው ውሃ የሚሰጥበት፣ ወንበር የሚስብበት፣ መሬት የሚያካፍልበት ሰዓት ሲደርስ ነው። ፈሪውን አንዳች የማያስከፍለው፣ የሚጠቅመውን ሁሉ ትቶ የማይጠቅመውን ብቻ መርጦ የሚፈራ ፍርሃት ሲገኝ፣ እኔ ከፍርሃት ይልቅ ሌላ ነገር እጠረጥራለሁ።

ደግሞ «እነርሱም ከእኛ ይርቃሉ» ይባላል። ይህም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በጎንደር አውራጃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጎረቤቱ እነርሱን በቡዳነት ሲያማቸው፣ እነርሱ ደግሞ ስለ ሕጋቸው ንጽሕና ሌላውን ሰው ከነኩ ይታጠቡ ነበርና «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጣላቸው። ርቀቱ ከሁለቱም ወገን የተጠበቀ አጥር ነበር። ነገር ግን ሚዛኑን ስንይዝ አንድ ነገር አንርሳ፤ ከአጥሩ ወዲያ የቀረው ርስት፣ ዳኝነትና ሹመት የነበረው በአንደኛው ወገን ብቻ ነበር። ራሱን የሚያርቅና የተራቀ ሰው አንድ አይደሉም፤ የተራቀ ሰው ለክብሩ መጠጊያ ሲፈልግ እርሱም በበኩሉ ይርቃልና።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በጎንደር አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በ1991 በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዘመናት ርቀት በኋላ ወንድሞቻቸው ዘንድ ደረሱ ተባለ። በጥር ወር 1996 እ.ኤ.አ. ግን አንድ ነገር ተገለጠ፤ የአገሪቱ የደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች የለገሱትን ደም እየተቀበለ፣ ሳይነግራቸው፣ ሲጥል ኖሯል። የተሰጠው ምክንያት የኤድስ በሽታ ሥጋት ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው አለቀሱ፣ ጮኹም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው የታየችኝ ያች ከክፈፍ ሥር የተሰካች ቅል ናት። ዜግነት ተሰጥቷቸው ነበር፤ በቦጋርደስ መሰላል ብዙ እርከን ወጥተው ነበር። በሽታን መፍራት ተገቢ ነው፤ ደምም ይመረመራል። ነገር ግን ሰዎቹን ያቈሰላቸው ደማቸው መመርመሩ አልነበረም፤ እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጡ ፈገግ ብሎ የተቀበላቸው ሰው ዘወር ብሎ መድፋቱ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን መግታት ይገባኛል፤ ርቀት ሁሉ ክፉ ነው እያልሁ አይደለምና። ዳኛ ከተከራካሪዎቹ ሊርቅ ይገባዋል። ኀዘንተኛም ብቻውን ሊቀመጥ የሚፈልግበት ሰዓት አለ፤ ያን ጊዜ ተገፍቶ የሚገባ ወዳጅ ወዳጅ አይደለም። መምህርና ተማሪ፣ ሐኪምና ሕመምተኛ በመካከላቸው የተወሰነ ስፍራ አላቸው። እኔ እንደሚመስለኝ የሚለየው ይህ ነው፤ ተማሪው ነገ መምህር ይሆናል፣ ኀዘንተኛው ሲጽናና በሩን ራሱ ይከፍታል። የቅሏ ርቀት ግን ከማዶ በኩል ሊከፈት የማይችል ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ምንም ቢያደርጉ፣ ምንም ቢማሩ፣ ምንም ንጹሕ ቢሆኑ፣ ዋንጫው አይወርድላቸውም። ገና ሳይወለዱ የተቆረጠ ነገር ነው።

ሕግ ይህን ለማስተካከል ደክሟል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛው በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም ሌላውንም የእጅ ባለሙያ የሚያንቋሽሽ ሁሉ ተገሠጸ። ይህ በዚያን ዘመን ታላቅ ነገር ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ደግሞ በገዛ እጁ ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጠው አዘዘ፤ ስለዚህ ከዘር እስከ ዘር ርስት የተነፈጉ የእጅ ባለሙያዎች በብዙ ስፍራ የእርሻ መሬት አገኙ። የዚያ ዘመን መንግሥት በእኛ በአማኞች ላይ ያደረሰውን የምናውቅ ብንሆንም፣ ይህን መልካም ሥራ መካድ እውነተኞች አያሰኘንም። ሆኖም ዐዋጁ መሬቱን ሲያካፍል ዋንጫውን አላካፈለም፤ ሊያካፍልም አይችልም። ወታደር በየቤቱ ገብቶ ከክፈፍ ሥር ቅል እየለቀመ አይሰብርም። ሕግ ሰውን እስከ ደጃፍ ድረስ ያመጣዋል፤ ከደጃፉ ወዲህ ያለው እርከን የእኔና የእናንተ ነው።

ልማድ ብቻውን ቆሞ አይኖርም፤ በየቅዳሜው ውሃ የሚቀዳ እጅ ይፈልጋል። እናቴ ያችን ልማድ አልፈጠረችውም፤ ከእናቷ ተቀበለችው። በተቀበለችው አልወቅሳትም። ነገር ግን ቅሏ አርጅታ በተሰበረች ጊዜ ሌላ ቅል ፈልጋ፣ ፍሬዋን አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃ በዚያው ስፍራ የሰካችው እርሷው ናት። አየኋት። ያን ቀን ልማዱ የአያቴ መሆኑ ቀርቶ የእርሷ ሆነ። እኔም ተሸክሜው ስመላለስ የእኔ ሆነ። ጥላቻ አላስፈለገንም፤ ጥንቃቄ ብቻ በቃን።

በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈውን የሰማርያይቱን ሴት ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ብዙ ስብከትም ተሰብኮበታል። እኔ ግን የገባኝ ስለ ቅሏ ማሰብ ከጀመርሁ በኋላ ነው። ጌታ በጕድጓዱ አጠገብ ሴቲቱን ያነጋገራት ውሃ ልስጥሽ በማለት አልጀመረም፤ ከእርሷ ለመነ። መቅጃ አልነበረውም፤ ቢጠጣ ከእርሷ ዕቃ ይጠጣ ነበር። ሴቲቱ የተደነቀችውም በዚህ ነው። እናቴ በዘመኗ ሁሉ ለሸክላ ሠሪዋ ሰጠች፤ አንድ ቀን እንኳ ከእሳቸው ዘንድ አልጠጣችም። መስጠት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሰላሉንም ሳያጥፍ ይወርዳል። ከሰው እጅ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ከቦጋርደስ ሰባት ጥያቄዎች ይልቅ አንዲት ጥያቄ ትበልጥብኛለች፤ ተጠምተህ ሳለ ከማን ቤት ውሃ ለምነህ ትጠጣለህ?

ስለ ጉባኤዎቻችንም ዝም ብል ሚዛኔ አድላዊ ይሆናል። ጴጥሮስን የሚያህል ሐዋርያ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቈይቶ ሰዎች ከኢየሩሳሌም በመጡ ጊዜ ከማዕዱ ፈቀቅ አለ፤ ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው። ጴጥሮስ ትምህርቱን አልለወጠም፣ አሕዛብንም አልጠላም፤ ወንበሩን ብቻ አራቀ። ጳውሎስ ግን ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላለፈውም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰዎች ሁሉ ከአንድ ጽዋ ሲጠጡ አይቻለሁ፤ ይህ እናቴ በቤቷ ያላደረገችው ነገር ነው፤ ስላየሁትም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጽዋው ሊደርስ ሲል በሰልፉ ውስጥ ቀደም ለማለት ቦታ የሚለዋወጡ ሰዎችንም አይቻለሁ። ከአምልኮ በኋላም በደጅ ቆሜ ሰው ለቡና ሲጠራራ እመለከታለሁ፤ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ ማንስ ሳይጠራ ነጠላውን አስተካክሎ ብቻውን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ወደ መንደሬ በሄድሁ ጊዜ ሸክላ ሠሪዋን ለመጠየቅ ወረድሁ። ቤታቸው ከመንደሩ ዳር፣ ጭቃ ከሚቈፈርበት ከወንዙ አጠገብ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በደጃችን ሲያልፉ ኖረው ቤታቸውን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አርጅተው ነበር፤ ጣቶቻቸው ጐብጠዋል። ስለ እናቴ አለቀሱ። «ይግቡ» አሉኝ፤ ገባሁ። ቡና አፈሉ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ፣ ይህን ሁሉ አስቤ የሄድሁ ሰው ስለ ነበርሁ፣ ሲኒውን ስቀበል በልቤ ትንሽ ኩራት ነበረብኝ። ጠጣሁም። ነገር ግን ከመጠጣቴ በፊት አውራ ጣቴ፣ እኔ ሳላዝዘው፣ የሲኒውን ከንፈር ዙሪያውን ጠረገው።

እሳቸው አዩት። ዐይናቸውን ወደ ጀበናው መለሱና ቀስ ብለው፣

«ታጥቧል፣ ልጄ» አሉኝ።